ዩኒቨርሲቲና ዘላቂነት፦ ከችግኝ ተከላው ባሻገር ምን ይሠራል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከተቋቋመ ብዙ ዓመት ባልሞላው አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ መምህር ናቸው። ትምህርት ክፍላቸው በሥርዓተ ትምህርቱም ሆነ በምርምር ዕቅዱ ዘላቂነትን እንዲያካትት ከበላይ መመሪያ ደርሶታል። እስካሁን የተሠራው ግን በየክረምቱ ችግኝ መትከልና በዓመት አንድ ዓውደ ጥናት ማዘጋጀት ነው። «ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲ በማስተማርና በመመራመር በመሬቱና በውኃው ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ? ወይስ ሥራው የገበሬውና የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሆኖ ሳለ እኛ ሪፖርት ብቻ ነው የምንጽፈው? ለውጥ ካለስ፣ በጀት የሌለው ትምህርት ክፍል ከየት ይጀምር?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ውድ መምህር፣ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለውጥ አለ፤ በአገራችንም ታይቷል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ለውጥ የሚያመጣው አንድን ቦታ ይዞ ለዓመታት ሳይለቅ ሲለካ፣ የለካውንም ውሳኔ በእጁ ላለ ሰው በጊዜው ሲያደርስ ነው። ከሁለቱ አንዱ በጎደለበት ጊዜ ጥሩ ዕውቀት እንኳ መሬቱንም ውኃውንም አላዳነም። ይህን የምለው ከንድፈ ሐሳብ ተነሥቼ ስላልሆነ፣ አባባሌ እንዲመዘን ወደ ምሳሌዎቹ ልግባ።

የመጀመሪያው የእንዶድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በየትኞቹ ወንዞች እንደሚገኙ እያጠና ዐድዋ ደረሰ። እዚያ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ ነበር፤ የሚያጥቡትም እናቶቻችን በሳሙና ፈንታ ለዘመናት በተጠቀሙበት በእንዶድ ነው። አክሊሉ ከማጠቢያው ቦታ ዝቅ ብሎ ሲመለከት የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ፤ ከማጠቢያው በላይ ባለው ውኃ ግን እንዲህ አልነበረም። ከሴቶቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተቀመጡበት ዕቃ ላይ እንድታፈስለት ጠየቃት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የምርምሩ መነሻ ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የአንድ ቀን ግኝት ሳይሆን የዓመታት ሥራ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በአክሊሉ ስም የሚጠራው ተቋም ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ወደዚያው ወደ ዐድዋ ተመልሰው የከተማዋን ወንዞች ለአምስት ዓመት በእንዶድ እያከሙ የሕዝቡን ጤና ተከታተሉ። በትንንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የቢልሃርዝያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉ ለማና የእንዶድን ዝርያዎች መርጦ በማልማት የደከመው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለኩራት ብቻ አይደለም። ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛውን የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ኬሚካል በጓሮ በሚበቅል ተክል ለመተካት የተደረገ ሙከራ፣ ዘላቂነት የሚለው ቃል በየመመሪያው ከመግባቱ ብዙ ዓመታት በፊት የተሠራ የዘላቂነት ምርምር ነው። ሆኖም እንዶድ ተስፋ በተጣለበት ስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በየጊዜው ተጨማሪ የመርዛማነት ምርመራ ይጠይቁ ነበር፤ ያን ምርመራ በሚፈለገው ደረጃ የሚያደርግ ቤተ ሙከራ በአገር ውስጥ አልነበረም፤ በዚህ መሐል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት መጥቶ የበሽታው መከላከያ አቅጣጫ ከቀንድ አውጣው ወደ በሽተኛው ዞረ። ቆየት ብሎም በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በሐይቆች ላይ ችግር የፈጠረን የዛጎል ዝርያ ለማጥፋት መጠቀምን በፓተንት አስመዘገበ። አክሊሉ ራሱ ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ሆኖ ቢመዘገብም፣ ከዐድዋ እናቶች ዕውቀት የተነሣው ነገር ሕጋዊ መብቱ በሌላ አገር ተቋም እጅ መግባቱ እስካሁን ያሳዝነኛል። ዩኒቨርሲቲ ምርምሩን እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ቤተ ሙከራ፣ የሕግ ክፍልና ትዕግሥት ከሌለው፣ ጅምሩ የቱንም ያህል ቢያምር ፍሬውን ሌላው ይለቅመዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእርስዎ ሙያ ይበልጥ ይቀርባል፤ ስለዚህም ጠለቅ ብዬ እሄድበታለሁ። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ከደረቅ መሬት ግብርና ኮሌጅ ነው። መምህራኑ ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በትግራይ፣ በደጉዓ ተምቤንና በአካባቢው አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይዘው ለዓመታት ሠሩ፦ ሕዝቡ በየበጋው የሚሠራው የድንጋይ እርከን አፈርን በእርግጥ ያስቀራል ወይ? ካስቀረስ ምን ያህል? በዚያን ጊዜ እርከን ይሠራ የነበረው ይጠቅማል ተብሎ ስለታመነ ነው። የሚጠቅመው በምን ያህል ነው፣ የት ቦታ ላይ ነው፣ እስከ መቼስ ነው ለሚለው መልስ የሰጠው ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት የድንጋይ እርከን በእርሻ ማሳ ላይ የሚደርሰውን የአፈር መከላት በአማካይ በ68 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚህም ጋር ለገበሬውና ለባለሙያው እኩል የሚጠቅም አንድ ነገር አስተዋለ፤ እርከኑ ከኋላው ደለል እየሞላ ሲሄድ የመያዝ ዐቅሙ ይደክማል፣ ስለዚህ አዲስ እርከን ከመሥራት ባልተናነሰ አሮጌውን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

የአፈር መከላት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱን ተማሪዎቻችን በዓይናቸው ቢያዩ እመኛለሁ። በተዳፋት ላይ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው መሬት ዙሪያው በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ከሥሩ በርሜል ይቀበራል። ሌሊት ዝናብ ከጣለ ጠዋት አንድ ሰው መምጣት አለበት። በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ውኃ ከፍታ በማስመሪያ ይለካል፤ ከሥር የተቀመጠው ጭቃ ከውኃው ጋር እስኪዋሐድ ድረስ በዱላ ያማስላል፤ አንድ ሊትር ቀድቶ በጠርሙስ ያስቀምጣል፤ ቀኑን ይጽፍበታል፤ በርሜሉን ባዶ ያደርጋል። ጠርሙሱ ቤተ ሙከራ ሲደርስ ውኃው ተጣርቶ አፈሩ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርቅና ይመዘናል። ያ ሰው አንድ ጠዋት ቢቀር፣ በርሜሉ ሳይደፋ ሌላ ዝናብ ቢጨምርበት፣ ወይም ሳያማስል ከላይ ከላይ ቢቀዳ፣ በኋላ የሚሠራው ስሌት ሁሉ ይበላሻል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚሠራው በጥቂት ክፍያ የተቀጠረ የአካባቢው ነዋሪ ነው። ስሙ በጽሑፉ ምስጋና ውስጥ ይግባ፤ ከተቻለም ውጤቱ መጀመሪያ ለእርሱ ይነገረው። የአንድ ተፋሰስ እውነተኛ ታሪክ የተመዘገበው በእርሱ ደብተር ላይ ነውና።

ከዚሁ ቡድን ሥራዎች ሌላው ለማስተማሪያ ወደር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ላይ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ተጠብቀው ቆይተዋል። ተመራማሪዎቹ ፎቶዎቹ የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው፣ በዚያው ማዕዘን ቆመው፣ ከ140 ዓመት በኋላ እንደገና አነሡ። ከዘመናችን አስተሳሰብ ጋር የማይገጥም ነገር ተገኘ፤ በብዙዎቹ ቦታዎች የዛሬው መልክዓ ምድር ከ1868ቱ ይልቅ የተሻለ ዕፅዋት ለብሷል፤ እርከኑና ከንክኪ ነፃ የተደረጉት ተራሮችም በፎቶው ላይ ይታያሉ። «ጥንት ሁሉም ደን ነበር፤ እኛ ጨረስነው» የሚለው አነጋገር ለወጣቶች ተስፋ ማስቆረጫ ሆኖ ሲነገር ስሰማ ሁልጊዜ ይህን ጥናት አነሣለሁ። መሬት በሰው ሥራ እንደሚጎዳ ሁሉ በሰው ሥራ ያገግማል፤ ይህንንም ከ140 ዓመት ልዩነት ጋር በፎቶ ማየት ተማሪው ላይ የሚያሳድረውን ስሜት ሌክቸር ብቻውን አያመጣውም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ጦርነት ይህን የመሰለ ሥራ ምን ያህል እንደጎዳ የሚታወቅ ነው። ለዓመታት የተያዘ መረጃ ሲቋረጥ የሚጠፋው የእነዚያ ዓመታት ልኬት ብቻ አይደለም፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን የሚያያይዘው ክር ነው።

አሁን ወደ ሚያሳምመው ምሳሌ ልምጣ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአገራችን የከፍተኛ ግብርና ትምህርት እናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ግብርና ኮሌጅ እገዛ ሲመሠረት ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ትምህርት ማዳረስን በአንድ ላይ የያዘ ተቋም እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከዚያ ያለፉ ሰዎች ለዓለም ተርፈዋል፤ ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘ የዚያው ተቋም ምሩቅ ነው። ይሁንና ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ደረቀ። የሐረርን ከተማ ለአሥርት ዓመታት ያጠጣ ሐይቅ ነበር። በዙሪያው ጫትና አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች በፓምፕ ይስቡታል፤ ከተሞቹ ይጠጡታል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይጠቀምበታል፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለልም ከሥር ይሞላዋል። ሐይቁ ጥልቀት ስላልነበረው ይህን ሁሉ ሊሸከም አልቻለም። ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ በረጅም ቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች።

ሐይቁ እየጎደለ መሆኑ ሳይታወቅ ቀርቶ ነበር? አልነበረም። በዚያው ተቋም ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከመድረቁ በፊት በሐይቁ ላይ የሚታየውን ለውጥ አጥንተው አሳትመው ነበር። ዕውቀቱ ነበረ፤ ማን ስንት ፓምፕ ይትከል ብሎ የሚወስን አካል ግን አልነበረም፤ ወይም ነበረና ጥናቱ ለእርሱ በሚገባው ቋንቋና ሰዓት አልደረሰውም። ሳይንሱ በውጭ ጆርናል ሲወጣ የፓምፑ ባለቤት አያነበውም፤ የወረዳው አስተዳዳሪም እንደዚሁ። በቅርብ ዓመታት ውኃ ወደ ሐይቁ መመለሱ፣ ዩኒቨርሲቲውና የአካባቢው ሕዝብም በተፋሰሱ ላይ መሥራታቸው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የተመለሰው ውኃ መልሶ እንዳይሄድ የሚያደርገው ግን ስለ አጠቃቀሙ የሚደረግ ስምምነትና የስምምነቱ ቁጥጥር ነው። ለዚህ ነው የዘላቂነት ምርምር የአፈርና የውኃ ሰዎች ብቻ ሥራ ሊሆን አይችልም የምለው። ሐረማያ ላይ የጎደለው ሌላ የውኃ ኬሚስትሪ ትንታኔ ሳይሆን የሕግና የኢኮኖሚ ባለሙያ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ የሚያወጣው መተዳደሪያ ደንብ ነበር።

በሌላ በኩል ጥናትና ባለቤት ሲገናኙ ነገሩ እንዴት እንደሚቀል በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ታይቷል። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ባደረገው ጥናት 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዘገበ፤ ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩም የት እንዳለ አሳየ፤ ከብቶች ስለሚገቡ ከዘር የሚበቅለው ችግኝ አያድግም፣ ስለዚህ ሽማግሌ ዛፎች ሲወድቁ ተተኪ አይኖራቸውም። መፍትሔው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተመክሮበት በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠራ፤ ድንጋዩ ከማሳ ስለሚለቀም ለአራሹም እፎይታ ነበር። እዚህ ጋ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ ተመራማሪውም በቀጥታ ወደ እርሱ ሄደ።

ማስተማርን በተመለከተ፣ ዘላቂነትን «ለማካተት» በመጀመሪያ የሚታሰበው አንድ አዲስ ኮርስ መክፈት ነው። እኔ አልመክርም። እንዲህ ያለው ኮርስ ትርጓሜና የስብሰባ ታሪክ እያስጠና ያልፋል፤ ተማሪው ፈተናውን ሲጨርስ ከአካባቢው አንድ ምንጭ ስም እንኳ ሳያውቅ ይወጣል። ከዚህ ይልቅ አገራችን ቀድሞ የሞከረቻቸውን መንገዶች መመልከት ይበጃል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ሄደው እንዲያገለግሉ የሚያደርግ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ሥርዓት ነበር። አብዛኞቹ በትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ያ ትውልድ አገሩን ያወቀው በዚያ ዓመት እንደሆነ ከብዙዎቹ ሲነገር እንሰማለን።

ጅማ ደግሞ ነገሩን የትምህርቱ አካል አድርጎ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ ሲጀመር ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሑ አደረገ። ተማሪዎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ በቡድን እየሆኑ ወደ ቀበሌ ወጥተው የነዋሪውን ችግር ይመዘግባሉ፤ ከፍ ሲሉም የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የላቦራቶሪውና የአካባቢ ጤና ተማሪው አንድ ቡድን ሆነው በገጠር ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። የጉድጓድ ውኃው ከመጸዳጃው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካው ተማሪና በዚያው ሳምንት የተቅማጥ ሕፃን የሚያክመው ተማሪ ማታ በአንድ ቤት ይነጋገራሉ። በሽታውና የውኃው አያያዝ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መንገድ አላውቅም። ይህ አሠራር በጤና ትምህርት ብቻ ተወስኖ መቅረት አልነበረበትም።

በእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለማድረግ አዲስ የትምህርት ሰዓት አያስፈልግም። የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች ለልምምድ የሚሠሩትን ሒሳብ ከመማሪያ መጽሐፍ ከሚወስዱ፣ በአጠገባችሁ ያለ ተፋሰስ ሲለማ የፈሰሰውን የሰው ጉልበት በገንዘብ ቢተምኑት ምን ያግዳል? የሕግ ተማሪዎች የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 841/2006 ይዘው በአካባቢው ያለ ማኅበር በተግባር ደንቡን እንዴት እንደሚሠራበት መርምረው ቢጽፉ፣ የሐረማያን ዓይነት ክፍተት ቀድመው ያዩታል። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ጎርፍ ማስወገጃ ቦይ የታችኛው ገበሬ ማሳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይለካ። ዘላቂነት ወደ ሁሉም ትምህርት የሚገባው በቃሉ ሳይሆን በምሳሌዎቹና በመልመጃዎቹ ነው።

ስለ እንቅፋቱም በግልጽ መናገር ይገባል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲዎች ተግባር አድርጎ ደንግጓል። በተግባር ግን መምህሩ የደረጃ እድገት የሚያገኘው በዋናነት ባሳተመው ጽሑፍ ነው። አንድን ተፋሰስ ለአሥር ዓመት የሚከታተል ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያሳትመው ጥቂት ነው። የምርምር ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በርሜሉ ይነቀላል፣ የዝናብ መለኪያው ይወድቃል። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የመመረቂያ ጽሑፎቹ ዕጣ ነው። በየዓመቱ ብዙ ተማሪዎች በየራሳቸው ርዕስ፣ በየተለያየ ወረዳ፣ በየተለያየ ዘዴ ጽፈው ይመረቃሉ፤ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከአንዱ ጋር ሌላውን ማነጻጸር አይቻልም። ይህ የሚባክን ጉልበት ነው፤ የሚያስተካክለውም ገንዘብ ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ስምምነት ነው።

ስለዚህ በጀት የሌለው ትምህርት ክፍል ከየት ይጀምር ላሉት የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስበት አንድ ትንሽ ተፋሰስ ይምረጡና ትምህርት ክፍሉ ቢያንስ ለአሥር ዓመት እንደማይለቀው በጉባኤ ይወስን። ከዚያ በኋላ የመመረቂያ ርዕስ የሚሰጠው በዚያ ውስጥ ይሁን። የዘንድሮው ተማሪ የአፈሩን ካርታ ቢሠራ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ በዚያው ካርታ ላይ የምርቱን መጠን ይመዝግብ፤ ሦስተኛው የምንጮቹን የበጋ ፍሰት ይለካ። መረጃው በአንድ መዝገብና በአንድ ኮምፒውተር ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ሰው ሳይረከብ የሚመረቅ ተማሪ አይኑር። አምስት ዓመት ሲሞላው ትልልቅ ፕሮጀክቶች በብዙ ገንዘብ የሚመኙት ተከታታይ መረጃ በእጃችሁ ይገባል፤ ያኔ የውጭ ተባባሪም ቢመጣ በእናንተ ጥያቄ ላይ ተመሥርቶ እንዲሠራ የመጠየቅ ዐቅም ይኖራችኋል።

የችግኝ ተከላውንም አይተዉት፤ ወደ ምርምር ይለውጡት። ችግር የሆነው መትከሉ ሳይሆን የተተከለውን ብቻ ቆጥሮ መሄዱ ነው። ከአረንጓዴ ዐሻራው የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ከተከላቸው ቦታዎች ጥቂት መደቦች በናሙና ይመረጡ፤ እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር ይሰጠው፤ ዝርያው፣ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የተተከለበት ቀንና የተዳፋቱ አቅጣጫ ይመዝገብ። በጋው ሲያልፍ ግንቦት ላይ ተማሪዎች ሄደው የጸደቀውንና የደረቀውን ይቁጠሩ፤ በሁለተኛው ዓመትም ይድገሙት። የትኛው ዝርያ በየትኛው አፈር እንደጸደቀ፣ በሐምሌ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ በመትከል መካከል ምን ልዩነት እንዳለ ከዚህ ይታወቃል። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ እንዳይደበቅ አደራ እላለሁ። ሌላው የሚተክለው በሪፖርት ተማምኖ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም እውነቱን ካልተናገረ ማን ይናገራል?

ግቢውም ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን የሚመግብ ማእድ ቤት በሳምንት ስንት ኩንታል ማገዶ ያነዳል? ስንት ኪሎ ትርፍራፊ ይጣላል? የመጸዳጃው ፍሳሽ ከአጥሩ ወጥቶ የት ይገባል? ለአንድ ሳምንት ሚዛን ይዞ መቆም ብቻ የሚጠይቅ ጥናት ነው፤ ውጤቱም በቀጥታ ለራሳችሁ ፕሬዚዳንት ይቀርባል። የባዮጋዝ ማብላያም ሆነ የተሻሻለ ምድጃ ጥያቄ ቁጥር ይዞ ሲቀርብ ክብደት ያገኛል። ገበሬውን ስለ ደን ጥበቃ የሚያስተምር ተቋም በግቢው የሚነደውን እንጨት አለማወቁም ተገቢ አይደለም።

ለዚህ ሴሚስተር የሚሆን ዝርዝር ከፈለጉ፣ አንድ የዝናብ መለኪያ ይትከሉና በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት የሚያነብ ሰው ይመድቡ። በተፋሰሱ ውስጥ አምስት ስድስት ቦታ ላይ ችካል ይምቱና ከየችካሉ በአንድ አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ይደግሙታል፤ ለዚህ የእጅ ስልክ ይበቃል። ክረምት ሲገባ በተፋሰሱ መውጫ ላይ ከትልልቅ ዝናብ በኋላ የጎርፉን ውኃ በአንድ ሊትር ጠርሙስ እየቀዱ አፈሩን ያጣሩና ይመዝኑ። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያና የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይሁኑ።

ውጤቱን የሚመልሱበትንም ጊዜ ከአሁኑ ያስሉት። የተፋሰስ ልማቱ የሕዝብ ዘመቻ ብዙውን ጊዜ ጥርና የካቲት ላይ ስለሚካሄድ፣ እርከን የት ይሠራ የት ይጠገን የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ኅዳር ውስጥ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ፣ አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈ፣ ካርታ ያለበት ጽሑፍ ለወረዳውና ለቀበሌው ይድረስ፤ አንድ ተማሪም በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተገኝቶ በቃል ያስረዳ። የጆርናሉ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ምንም አይጎድልበትም።